በውስጥ አቅም የተበላው ግቢ

ቦታኒካል ጋርደን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትሸማቀቁ። እኔም ኃላፊው ተደርጌ ስመደብ አላውቅም ነበር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ከዕፅዋት ጋር የምንተዋወቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳ ላይ የተሳለ ቅጠል ደግሞ ሸጋ ጠባይ አለው፤ ፍየል አይበላውም፣ ውሃ አይጠማውም፣ ኮሚቴም አይቋቋምለትም።

ቦታው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ድሮ አንድ ትልቅ ሼህ ቤተ መንግሥታቸውን ሠርተውበት ነበር። ስማቸውን አልጠራም። ከጎረቤቶቼ ግማሾቹ የልጅ ልጆቻቸው ነን ይላሉ፤ የቀሩት ደግሞ አይደላችሁም ይሏቸዋል። እኔ የሰፋሪ ልጅ መሀል ገብቼ ምን አገባኝ? ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የቀረው ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጣሪያ የሌለው አዳራሽና መዝጊያ የሌለው በር ነው። መዝጊያ አይኑረው እንጂ ዘበኛ አለው። አልጣይብ ይባላል። በበሩ የሚገባውን ሁሉ "ማነው?" እያለ ያስቆማል፤ ግንቡ በፈረሰበት በኩል የሚገባውን ግን ዞሮም አያየውም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቀው "ኡስታዝ፣ እኔ በር ነው የተቀጠርኩ፤ ግንብ ሌላ ሰው ቅጠር" አለኝ። ከመሥሪያ ቤታችን የሥራ ድርሻውን አጥርቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ግቢ የክልሉን ዕፅዋት ሰብስበህ ትከል፣ ስምና ጠባያቸውን ጽፈህ ለጥፍ፣ ሕዝብ ይማርበት፣ ቱሪስት ይምጣበት ተባልኩ። ተከልኩ። ቀርከሃውን፣ ሮቃውን፣ ዋንዛውን፣ ግራሩን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሆነውን፣ ለእባብ የሚሆነውን፣ ለምንም የማይሆነውን ሁሉ ተከልኩ። ከግንቡ ሥር በምትፈልቀው ምንጭ ዳር ቄጤማ አበቀልኩ። እናቴን ወስጄ ባሳያት ግቢውን አንዴ ዞረችና "እንዴው ልጄ፣ ይሄ የሚበላ ነው?" አለችኝ።

"አይ እማዬ፣ የሚታይ ነው።"

"የሚታይ ዛፍ ጠፍቶ ነው? እኛ ከወሎ ስንመጣ እዚህ አገር ከዛፍ በቀር ምን ነበረ? አባትህ ሲመነጥር ወገቡ ተቆርጦ ቀረ፤ አንተ ደግሞ ደሞዝ እየበላህ መልሰህ ትተክለው!"

እጇን ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ተክል በቆርቆሮ ላይ ስሙንና ጠባዩን ጽፌ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። አልጣይብ ግራሩ ሥር ቆሞ ቆርቆሮውን ለረጅም ጊዜ አየና "ይሄ መታወቂያ ነው?" አለኝ። እንደዚያ በለው ስለው "ታድሎ! እኔ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ተመላልሼ ጫማ ጨረስኩ፤ ግራር ቁጭ ብሎ መጣለት" አለ።

ይሳቅብኝ እንጂ፣ እኔ ግን እነዚያን ዕፅዋት ወደድኳቸው። ጠዋት ስገባ እንዴት አደራችሁ እላለሁ። አንዱ ቅጠል ሲጠወልግ ምሳ አይበላልኝም። ሚስቴ እንኳ "እኔ ሳስል ሰምተህ ታውቃለህ?" እስክትለኝ ደረስኩ። ልጅ ሲሉት ልጅ የሚሆን ነገር አለ፤ ያ ግቢ እንደዚያ ሆነብኝ።

ታዲያ በአንድ የክረምት ሰኞ የበላይ አለቃችን አቶ ደረጀ አስጠሩኝ። አቶ ደረጀ በስብሰባ መሀል ሲያንቀላፉ እንኳ ራሳቸውን በአዎንታ የሚነቀንቁ ሰው ናቸው። "ደስ የሚልም የማይልም ዜና አለ" አሉኝ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ዋናው እንግዳ ግቢውን ካዩና ከወደዱት አጥር ይታጠርለታል፣ የቧንቧ ውሃ ይገባለታል። ካልወደዱት ቦታው ተደልድሎ ቤተ መንግሥቱን ለሚጎበኙ ሰዎች መኪና ማቆሚያ ይሆናል።

"መኪና ማቆሚያ?" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ።

"ልማት ነው" አሉ አቶ ደረጀ። "ስለዚህ አቀባበሉ የእንግዳውን ክብር የሚመጥን መሆን አለበት።"

ስብሰባ ተጠራ። ዳስ ያስፈልጋል ተባለ፤ ተጨበጨበ። የምግብ ግብዣ፣ ስጦታ፣ ማስዋብ ያስፈልጋል ተባለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ አቶ ደረጀ "በጀት ግን የለም" ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ቂልነት ራሱን ችሎ የቆመው። አስተማሪ ነኝ፤ ጥያቄ ተጠይቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል አልችልም። ተነሳሁና "ክቡር ሰብሳቢ፣ በውስጥ አቅም እንወጣዋለን!" አልኩ። ጭብጨባው ኮርኒሱን አነቃነቀው። እኔም ለራሴ አጨበጨብኩ።

በውስጥ አቅም የሚባለውን ነገር መሥሪያ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ የሌለው መሥሪያ ቤት ያላስቀመጠውን ነገር ለማግኘት የገዛ ኪሱን ሲዳብስ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። የእኛ ኪስ ግን ሞልቶ ነበር፤ ዕፅዋት ሞልቶ። ይህን እኔ አላሰብኩትም፤ ወዲያው የተወለዱት ንዑሳን ኮሚቴዎች ግን አስበውታል።

እንግዳ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የድምፅ ማጉያ እንድለምን ወደ ከተማ ተላክሁ። አሶሳ ውስጥ የማይጮህ ድምፅ ማጉያ ማግኘት ቀላል ነው፤ የሚጮኸውን ፍለጋ ግን ዋልኩ። ከሰዓት ተሸክሜው ስመለስ በሩ ላይ ትልቅ የክብር ቅስት ቆሟል። ከውስጥ ደግሞ ሰፊ ዳስ ተተክሏል። ደስ አለኝ፤ እንዴት ያማረ ቀርከሃ ነው፣ ከየት አመጡት ብዬ አደነቅኩ። ከዚያ የቀርከሃዬን ቦታ ዞሬ አየሁት። ሰማይ ብቻ ነው የታየኝ።

"አልጣይብ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ለበይክ ኡስታዝ።"

"ቀርከሃዬ የታለ?"

"ዳስ ኮሚቴ መጣ፣ ቆረጠ።"

"አንተ ዝም ብለህ ታያለህ?"

"ማነው አልኩ። ኮሚቴ ነኝ አለ። በበር ነው የገባ፤ ግንብ አልዘለለ። ምን ልበል?"

የዳስ ንዑስ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ፈልጌ አንገቱን ልይዘው ስል ፈገግ ብሎ "አንተው አይደለህ በውስጥ አቅም ያልከው?" አለኝ። ይህችን ቃል ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሰው ሁሉ አፍ ሰማኋት። የማስዋብ ንዑስ ኮሚቴ የምንጩን ቄጤማ አጭዶ ሲጎዘጉዝ ደረስኩ፤ "በውስጥ አቅም" አሉኝ። የስጦታ ንዑስ ኮሚቴ ለእንግዶች የሚበረከት ችግኝ ብሎ ከላይኛውም ከታችኛውም መደብ ዋንዛዬን፣ ሮቃዬን፣ የሆድ ቁርጠቴን ሳይቀር ከነአፈሩ እየነቀለ ጣሳ ውስጥ ሲከት አገኘሁት፤ እሱም ያንኑ አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ የቆመው ላይም እንደሚበዛ ግን ያን ቀን አየሁ። አቶ ደረጀ ጋ እየሮጥኩ ሄጄ "ጋሼ፣ እንግዶቹ የሚያዩት እኮ ይህንኑ ነው!" ብላቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ቅንጅታዊ አሠራሩ በጣም አበረታች ነው" አሉኝ።

ችግኙ የተነቀለባቸው ሁለቱም መደቦች ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኑ። የማስዋብ ኮሚቴው ይህን አይቶ ገጽታ ያበላሻል አለና ከዳሱ የተረፈውን ቄጤማ በታችኛው መደብ ላይ ጎዘጎዘው፤ ለላይኛው አልበቃም። እንደ ሰርግ ቤት አማረ። መኪኖች እዚህ ይቁሙ ተብሎም ተወሰነ፤ ደልዳላ መስሎ የታየ ቦታ እሱ ብቻ ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት የቀርከሃ ጉቶዎቼን ላጽናና ሄድኩ። ክረምት ስለሆነ ከጉቶዎቹ መሀል አዳዲስ ቡቃያ ወጥቶ ነበር፤ ቢያንስ እሱ አለኝ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ስደርስ ዛህራ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጎንበስ ብላ ቡቃያውን በቢላ እየቆረጠች ዘንቢል ትሞላለች። ዛህራ የሰፈሩ ምግብ አዋቂ ናት፤ እሷ ያልቀመሰችው ወጥ ለሰርግም ለሀዘንም አይወጣም።

"ዛህራ! ምን እያደረግሽ ነው?"

ቀና አለች። "ያ ኡስታዝ፣ ምግብ ኮሚቴ እኔ ነው። እንግዳ ምን ይበላል? ክረምት ነው፤ ቀርከሃ ከባሚያ ጋር ይበላል። አባት አያት ለእንግዳ ይሄን ነው የሰጠ።"

"እሱ እኮ ለኤግዚቢሽን ነው! ሰው የሚያየው ነው!"

"ያየዋል" አለች ዛህራ እየሳቀች። "ሳህን ላይ ያየዋል። ወላሂ፣ አንተ እንግዳ መጣ አልክ፤ እንግዳ ዓይን ብቻ አይደለም፣ ሆድም አለው።"

አገሩ የእሷ፣ ቡቃያው የአያቶቿ፣ ቃሉ የእኔ። ዞሬ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። አልጣይብ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና "ግራሩ አለ" አለኝ። ግራሩ በእርግጥ ነበር፤ እሾሁን ፈርተው ማንም አልነካውም። አንገቱ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ግን ወስደውበት ነበር።

ቆርቆሮው የት እንደሄደ በማግስቱ አየሁ። የፕሮቶኮል ንዑስ ኮሚቴው በወንበሮች ላይ "የተያዘ ነው"፣ "ለክብር እንግዳ" የሚል ጽሑፍ ማንጠልጠል ፈልጎ ወረቀት በማጣቱ፣ የዕፅዋቴን ቆርቆሮ ሁሉ ሰብስቦ በጀርባቸው ላይ ጽፎባቸዋል። የዋናው እንግዳ ወንበር ላይ የተንጠለጠለው የግራሩ ነበር። እንግዳው ከጓዶቻቸው ጋር በብዙ መኪና መጡ፣ በቅስቱ ሥር አለፉ፣ ዙምባራ ተነፋላቸው፣ ተቀመጡ። የፊቱ ገጽ "ለክብር እንግዳ" ይላል። ከኋላ የተቀመጥነው ሕዝብ የምናነበው ደግሞ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ "ጠባዩ፦ እሾሃም። ጥላው ሰፊ፤ የሚበላ ፍሬ የለውም" የሚለውን ነበር።

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። አቶ ደረጀ ደስታ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልን።

ንግግር ተጀመረ። አቶ ደረጀ ስለ ዕፅዋት ጥቅም ከቀርከሃ ዳስ ሥር፣ ቄጤማ ላይ ቆመው፣ ለረጅም ጊዜ አብራሩ። ዕፅዋት ባይኖሩ ኖሮ የት እንቀመጥ ነበር አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መሀል ላይ ዝናብ ጀመረ። የአሶሳ ክረምት ሲዘንብ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ዳሱ ያንጠባጥብ ጀመር። ንግግሩ ግን አልተቋረጠም፤ እኔም እንዲቋረጥ አልፈለግኩም። ንግግሩ ካለቀ ጉብኝት ይመጣል፣ ጉብኝት ከመጣ ምን ላሳይ ነው? ለአቶ ደረጀ እስትንፋስ ጸሎት ያደረግሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ምግብ ቀረበ። ዋናው እንግዳ ገንፎውን በቡቃያውና በባሚያው እያጠቀሱ ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ሰለሱ። "ይሄ ምንድነው? እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም!" አሉ።

ዛህራ ቀረብ ብላ "የዚህ ግቢ ነው። ኡስታዝ የተከለው" ብላ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

"ጎበዝ! በሉ እንግዲያው ተክሉን ራሱን እንየው" ብለው ተነሱ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ሁላችንም ከኋላቸው ተከተልን። የቀርከሃው ቦታ ጉቶ ነው። የምንጩ ዳር ጭቃ ነው። የላይኛው መደብ ያልተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ዋናው እንግዳ አንዱን ጉድጓድ ጎንበስ ብለው አዩና "ይህስ?" ሲሉ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አቶ ደረጀ "ለቀጣዩ ተከላ ቀድመን ያዘጋጀነው ጉድጓድ ነው" አሉ።

"ቀድሞ መዘጋጀቱ አበረታች ነው" አሉ እንግዳው። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን አማተሩ። ግንቡ፣ ባዶው መሬት፣ ከታች ቄጤማ ላይ የተደረደሩት መኪኖች። ፊታቸው በራ። "የመኪና ማቆሚያውን ጉዳይ ገና ልንወያይበት ነበር የመጣነው። እናንተ ግን መንጥራችሁ ጨርሳችሁታል! መኪናውም እንዴት ተመችቶት ቆሟል!"

ጭብጨባ ሆነ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንድ ጭብጨባ ደግሞ በጣም ከቅርብ ይሰማኝ ነበርና ዝቅ ብዬ ባይ የገዛ እጄ ነው። ከስብሰባ ብዛት እጄ ከእኔ ሳይማከር ማጨብጨብ ለምዷል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እጄን ያዝኩትና "ክቡር እንግዳ!" ብዬ ጮኽኩ። "አልመነጠርነውም። በልተውታል!"

ወደ ፊት ወጥቼ ዳሱን በጣቴ አሳየኋቸው።

"የተቀመጡበት ዳስ የእኔ ቀርከሃ ነው። የረገጡት የእኔ ቄጤማ ነው። የበሉት የቀርከሃዬ ቡቃያ ነው። መኪናዎ ላይ የተጫነልዎት ስጦታ ዋንዛዬ ነው። ይህ ግቢ እርስዎ እንዲያዩት ነበር የተተከለው፤ እርስዎን ለመቀበል ሲባል ተነቅሎ አለቀ። ቦታውን አይውሰዱብኝ፤ መልሼ እተክለዋለሁ!"

አቶ ደረጀ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በአሉታ ሲነቀንቁ አየሁ። ዋናው እንግዳ ጥርሳቸውን በስንጥር ሲጎረጉሩ ነበር፤ ስንጥሩን አወጡ፣ አዩት፣ የእኔ ቀርከሃ ይሁን አይሁን የተጠራጠሩ መሰሉ። "ጉዳዩን ቢሮ ገብተን እንወያይበታለን" አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ቢሮ ገብተን እንወያይበታለን የተባለ ጉዳይ በሕይወት ሲመለስ አይቼ አላውቅም። አለቀ አልኩ።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። በሬው ቢያንስ ሹፌር የለውም። የዋናው እንግዳ መኪና ወደ ኋላ አለ፤ ቄጤማው ዋጠው። የኋላ ጎማው ሮቃዬ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ዝናብ ካቦካው ቀይ አፈር ጋር እስከ ግማሹ ገባ። ሁለተኛው መኪና ላግዝ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ዋንዛው ጋ ቀረ። ሦስተኛው አስተዋይ ሹፌር ነበረውና በሌላ በኩል ዞረ፤ የሆድ ቁርጠቱ ጋ አፍንጫው ተተከለ። ሞተር ይጮኻል፣ ጎማ ይሽከረከራል፣ ቀይ ጭቃ እንደ በረዶ ይዘንባል። ፕሮቶኮሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ለብሶ ነበር ነው የምላችሁ።

"ግፉ!" ተባለ። ያ ሁሉ ንዑስ ኮሚቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ሥራ ሠራ። ዋናው እንግዳ ራሳቸው ሱፋቸውን ሰብስበው ትከሻቸውን ሰጡ። ጎማው ሥር የሚገባ ነገር ሲፈለግ አልጣይብ የክብር ቅስቱን እየነቀለ አመጣ። ዛህራና ሴቶቹ ከዳር ቆመው ዕልል አሉላቸው። እኔም ገፋሁ፤ ግን ይቅር ይበለኝና ኃይሌን አልጨረስኩም።

መኪኖቹ ሲወጡ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዋናው እንግዳ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፣ አንድ ጫማቸው የለም። ቀይ መሬቱን በጥላቻ አዩትና በዚያው በቆሙበት፣ ቢሮ ሳይገቡ፣ ሳይወያዩ፣ "ደረጀ! ይሄ ቦታ መኪና ማቆሚያ ይሁን ያለው የትኛው ደንቆሮ ነው?" አሉ።

አቶ ደረጀ በአዎንታ ነቀነቁ።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት "ቦታው ለመኪና ማቆሚያ የማይመች መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል" ብሎ ወጣ። አጥርም ውሃም አልተጠቀሰበትም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዝናቡ ሳያልፍ ብዬ እንግዶቹ መኪና ለማቅለል አውርደው የጣሏቸውን ጣሳዎች ለቅሜ ዋንዛውንና ሮቃውን በላይኛው መደብ መልሼ ተከልኳቸው። አብዛኞቹ ያዙ። የታችኛው መደብ ግን እንደነበረ አለ። አቶ ደረጀ ባለፉ ቁጥር ጉድጓዶቹን ለምን አትደፍናቸውም ይሉኛል፤ እሺ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ አልደፍናቸውም።